አሊ 1966 ከታይሰን 1988፣ ጆ ሉዊስ 1938 ከፉሪ 2020፦ የትኛው ሌሊት፣ በየትኛው ሕግ?

ሳሙና በር

ጎንደር ፒያሳ ላይ ቡና በተጠጣ ቁጥር የሚነሳው የሁለቱ ከባድ ሚዛን ቦክሰኞች፣ የመሐመድ አሊና የማይክ ታይሰን ክርክር መቋጫ የማያገኘው፣ የሚጋጠሙት ሰዎቹ ሳይሆኑ ስሞቻቸው ስለሆኑ ነው። አንድ አሊ ብቻ አልነበረም። በ1966 ሂውስተን ላይ ክሊቭላንድ ዊሊያምስን በሦስተኛው ዙር የጨረሰው የ96 ኪሎው አሊ አንድ ሰው ነው፤ በ1975 ማኒላ ላይ ከፍሬዚየር ጋር 14 ዙር የተቀጠቀጠው ሌላ ሰው ነው። ታይሰንም እንደዚያው። በጁን 1988 ስፒንክስን በ91 ሰከንድ ከዘረረበት ሌሊት በቶኪዮ በዳግላስ እስከተሸነፈበት ሌሊት ድረስ ሃያ ወር እንኳ አልሞላም፤ ግን አሠልጣኙ ኬቨን ሩኒ ከተሰናበተ በኋላ ጭንቅላቱን ማወዛወዝ ትቶ በአንድ ቡጢ ለመጨረስ የሚጥር ቦክሰኛ ሆኗል። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ስለዚህ እዚህ የውይይት ክር ላይ ስም ስትጠሩ ሌሊቱንም ጥቀሱ። ግጥሚያው የስንት ዙር እንደሆነ (እንደ ድሮው 15 ወይስ እንደ ዛሬው 12) አስቀድማችሁ ተናገሩ። ክብደት አትንኩ፤ «ጆ ሉዊስ ዛሬ ቢወለድ 105 ኪሎ ይሆን ነበር» ማለት ከጀመርን የማናውቀውን ሰው ሪንግ ውስጥ እያስገባን ነው፤ በ90 ኪሎው ይግባ። ከሁሉም በላይ ለእያንዳንዱ ግምት በእውን የተደረገ ግጥሚያ ጥቀሱ፦ ይህ ሰው እንደዚህ ያለ ተጋጣሚ ገጥሞት ያውቃል? ያኔ ምን ሆነ?

ስለ ፊልም አንድ ነገር ልጨምር። የድምፅ አልባው ዘመን ካሜራ በሰከንድ 16 ወይም 18 ምስል ያህል ነበር የሚቀርጸው። ያ ፊልም በ24 ሲሄድ ሁሉም ሰው ሲንቀጠቀጥ ይታያል፤ «የድሮዎቹ ቦክስ አይችሉም» የሚለው አስተያየት ግማሹ ከዚያ የመጣ ነው። ስልካችሁ ላይ ፍጥነቱን ወደ 0.75 አውርዱና ዴምፕሲ በ1919 ዊላርድን የጣለበትን የመጀመሪያ ዙር ድገሙት። ቀኙ ሆድ ላይ ሲያርፍ የዊላርድ ክርን ይወርዳል፣ ግራ ሁኩ (ክንድ ታጥፎ ከጎን የሚመጣው ቡጢ) በተከፈተው በር ይገባል። በፈጣኑ ፊልም ላይ ይህ ሁሉ ውርጅብኝ ብቻ ነው የሚመስለው።

ብልኮ

ልጆች፣ የዙሩን ነገር በአንድ መስመር አትለፉት። ትልቁ ነገር እሱ ነው።

ጁን 1941፣ ጆ ሉዊስ ከቢሊ ኮን። ኮን ሚዛን ላይ 79 ኪሎ ነው። ከ12 ዙር በኋላ በሁለት ዳኞች ወረቀት ላይ ኮን ይመራል፣ በሦስተኛው እኩል ናቸው። በ13ኛው ኮን ራሱ ልጨርሰው ብሎ ቆሞ ተማታ፤ ዙሩ ሊያልቅ ሁለት ሰከንድ ያህል ሲቀረው ተቆጥሮበት ወጣ። በዛሬው የ12 ዙር ሕግ ያ ሌሊት የኮን ነው፣ የሉዊስ 25 ቀበቶን የማስከበር ድልም አይኖርም።

ሴፕቴምበር 1952፣ ማርሲያኖ ከዋልኮት። ማርሲያኖ በመጀመሪያው ዙር ወድቋል፣ ከ12 ዙር በኋላ በሦስቱም ወረቀት ላይ ተበልጧል። በ13ኛው ዋልኮት ገመዱን ተደግፎ ሳለ አንዲት አጭር ቀኝ አገጩ ላይ አረፈች። ያችን አንዲት ዙር ካነሳችሁት 49 ድል፣ 0 ሽንፈት የሚባለው የማርሲያኖ ቁጥር የለም።

የወረቀቱም አሞላል የተለየ ነበር። ያኔ ዙር ነው የሚቆጠረው፤ ዛሬ በ10 ለ9 ሥርዓት መውደቅ አንድ ተጨማሪ ነጥብ ያስቀንሳል። ወደ 12 የተወረደው ደግሞ ኮሪያዊው ኪም ዱክ ኩ በ1982 ከማንቺኒ ጋር 14ኛው ዙር ላይ ተመትቶ ከሞተ በኋላ ነው፤ ደብሊው ቢ ሲ (የዓለም ቦክስ ምክር ቤት) በ1983 ጀመረው፣ ሌሎቹ ተከተሉ። እንግዲህ «አሊ በመጨረሻ ያደክመዋል» የምትሉ፣ መጨረሻው የት እንደሆነ ተናገሩ።

የአዘዞ ጃብ

ጋሼ ብልኮ፣ 15 ይሁን ካሉ ይሁን። የእኔ ግጥሚያ እዚያ አይደርስም። ታይሰን በአራተኛው።

ምክንያቱን ልዘርዝር። አሊ እጆቹን ወገቡ አካባቢ አውርዶ፣ ቡጢ ሲመጣ ወደ ኋላ እየተለጠጠ ነው የሚያመልጠው። ይህ የመጀመሪያዋን ቡጢ ያሳልፋል። ግራ ሁክ ግን ሁልጊዜ ታገኘዋለች። በ1962 ሶኒ ባንክስ በግራ ሁክ ጣለው። በ1963 የ84 ኪሎው ሄንሪ ኩፐር በአራተኛው ዙር ማብቂያ ላይ በግራ ሁክ ጣለው፣ ደወሉ ነው ያተረፈው። በ1971 ፍሬዚየር 15ኛው ዙር ላይ እንደገና በዚያችው ግራ።

ታይሰን ግራ ሁክ ብቻ ቢኖረው ከፍሬዚየር ጋር እኩል ባደረግኩት ነበር። ግን ቀኙም አለ፣ ቡጢዎቹም ጥንድ ጥንድ ሆነው ነው የሚመጡት። ቀኙን ጎድን ላይ ያሳርፋል፤ ያ የተመታው ሰው ክርኑን ወደ ታች ሲሰበስብ ያው ቀኝ እጅ ሳይመለስ አፐርካት (ከታች ወደ አገጭ የሚሄድ ቡጢ) ሆኖ ይወጣል። ወደ ኋላ የተለጠጠ ሰው ጎድኑን ይዞ ሊሸሽ አይችልም፤ የሚሸሸው ጭንቅላቱ ብቻ ነው።

ፍሬዚየር ደግሞ ሞተሩ የሚሞቀው ከሦስተኛው ዙር በኋላ ነበር። ታይሰን የመጀመሪያዎቹን 19 ግጥሚያዎች በሙሉ በዝረራ ሲጨርስ 12ቱ አንደኛው ዙር ላይ ናቸው። አሊ ርቀቱን ለክቶ ሳይጨርስ ይደርስበታል።

ቸቸላ

የእጅ ርዝመቱን ረሳኸው ዘመዴ። አሊ 198፣ ታይሰን 180። አሥራ ስምንት ሳንቲ ሜትር ልዩነት ነው። ጃቡን (የፊት እጁን ቀጥታ ቡጢ) እያሳየው ሊያሳድረው ይችላል።

ማራኪ

አሥራ ስምንቱ እንደዚያ አይቆጠርም። ይህ ስህተት በየክርክሩ ስለሚደጋገም ቀስ ብዬ ልጻፈው።

ሪች የሚባለው ሁለቱ እጆች ወደ ጎን ተዘርግተው ከአንዱ የመሀል ጣት ጫፍ እስከ ሌላው ያለው ርዝመት ነው። ደረትና ትከሻ አብረው ይለካሉ። ስለዚህ 198 ሲቀነስ 180 የሚሰጠው 18 ሳንቲ ሜትር ለሁለት እጅ ነው፤ በአንድ እጅ 9 ገደማ፣ የአንድ ቡጢ ስፋት ያህል። የታይሰን ትከሻ ሰፊ ስለሆነ ክንዱ ለብቻው ቢለካ ከዚያም ሊያጥር ይችላል።

ጂም ውስጥ ወለሉ ላይ ፕላስተር ለጥፋችሁ ሞክሩት። ሁለት ሰው አቁሙ። አንዱ እንደ አሊ ጎኑን ሰጥቶ፣ ግራ እግሩን አስቀድሞ ይቁም፤ ጃብ ሲሰድ ትከሻው ይዞራል፣ ክንዱ በትከሻው ስፋት ይረዝማል። ሌላው እንደ ታይሰን ሁለቱን እጆች ጉንጩ ላይ አድርጎ ደረቱን ከፍቶ ይቁም። እንዲህ የቆመ ሰው ሁለቱም እጆቹ እኩል ቅርብ ናቸው፣ በሁለቱም ተጋጣሚውን መዘረር ይችላል፤ ትከሻውን አዙሮ የሚያገኘውን ርዝመት ግን አስቀድሞ ከፍሏል። ዘጠኟ ሳንቲ ሜትር ያኔ በዓይናችሁ ፊት ታድጋለች፤ ምልክቱን ስታዩ ከግማሽ እርምጃ የሚበልጥ ይሆናል። ታይሰን መሙላት ያለበት ያችን ነው፣ የሚሞላውም በእጁ ሳይሆን ጎንበስ ብሎ በእግሩ ነው። እግሩ አየር ላይ እያለ ግን አይመታም፤ አሊ አንድ ጃብና አንድ ወደ ግራ መዞር የሚያገኘው በዚያች ቅጽበት ነው።

ሳሙና በር

እህት ማራኪ፣ ይህን በደንብ ነው ያስቀመጥሽው። እኔ ደግሞ ከዚያች ቅጽበት በኋላ ያለውን ልጨምር፤ ታይሰን ገብቶ ደርሶበታል እንበል።

አሊ የሚያደርገው የታወቀ ነው። ግራ ጓንቱን ማጅራቱ ላይ ያስቀምጥና ወደ ታች ይጫነዋል። ሰዎች ይህን እንደ ማረፊያ ብቻ ያዩታል። ሥራው ግን ብዙ ነው፦ ያጎነበሰ አጭር ሰው የአንገቱ ጡንቻ ይዝላል፣ ከእግሩ የሚነሳው ኃይል ይቆረጣል፣ ግማሽ ደቂቃ ይባክናል። ታይሰን በመተቃቀፍ ውስጥ ሲያዝ የሚያደርገው ደግሞ የታወቀ ነው፤ ዳኛውን ይጠብቃል። በማርች 1987 ቦንክራሸር ስሚዝ አቅፎት 12 ዙር አደረ። በኦገስት ያው ዓመት ቶኒ ተከር እያቀፈና እየተንቀሳቀሰ 12 ዙር ሄደ። ሁለቱም ተሸንፈዋል፣ ግን ቆመው ነው የወጡት። እነሱ ያልነበራቸውን እግርና ጃብ አሊ ላይ ጨምሩበት።

ወረቀቴ፦ አንደኛው የታይሰን። በሁለተኛው አሊ በግራ ሁክ ይወድቃል፣ በስምንት ይነሳል። አሊ ተቆጥሮበት ያልተነሳበት ሌሊት በሕይወቱ የለም፤ በ1980 ላሪ ሆምስ ፊት ያስቆመው የራሱ ጥግ (አሠልጣኙ) ነው። አራተኛውም የታይሰን። ከስድስተኛው ጀምሮ የታይሰን ጭንቅላት መቆም ይጀምራል፣ ጃቡ የግራ ዓይኑን ይዘጋል። በ13ኛው ዳኛው ያቆመዋል።

የአዘዞ ጃብ

ከስድስት በኋላ ይዝላል የሚለው አይገባኝም። ሪባልታን በ1986 ያስቆመው በአሥረኛው ዙር ነው። ታይረል ቢግስን በ1987 በሰባተኛው። ቢግስ 1.96 ሜትር ነው፣ ጥሩ ጃብ ነበረው፣ የኦሎምፒክ ወርቅም አለው። እስከ ሦስተኛው አምሮበት ነበር፣ ከዚያ በኋላ ሆዱ ተሰበረ።

ቸቸላ

ማርሲያኖን ማን ያስገባልኝ? በ1970 በኮምፒውተር ተሰልቶ ከአሊ ጋር ያጋጠሙት እኮ በ13ኛው ዘርሮት ነው።

ብልኮ

ልጄ፣ ያን ለማስረጃ አታቅርበው። ሁለቱ ሰዎች በ1969 ካሜራ ፊት ብዙ አጫጭር ዙሮችን በእርጋታ ተቀረጹ፤ ማርሲያኖ ከጡረታ ወጥቶ ከሃያ ኪሎ በላይ ቀንሶ፣ ራሱ ላይ ሰው ሠራሽ ፀጉር አድርጎ ነበር። የተለያየ መጨረሻም ቀረጹ። አሜሪካ ውስጥ ማርሲያኖ አሸነፈ፣ አውሮፓ ውስጥ አሊ ያሸነፈበት ታየ። ማርሲያኖ ራሱ ፊልሙ ሳይታይ ኦገስት 1969 በአውሮፕላን አደጋ ሞተ። ማሽን የሚያወጣው ያስገቡበትን ነው፤ አንዱን ቦክሰኛ ለ«ጽናት» 9፣ ሌላውን 7 የሰጠው ሰው ነው።

እውነተኛውን ማርሲያኖ ከፈለግህ፣ 1.78 ሜትር፣ 85 ኪሎ ገደማ፣ ሪቹ 173 አካባቢ። ዛሬ ክሩዘር ሚዛን እስከ 90.7 ኪሎ ነው፤ እሱ እዚያም ቢሆን ቀላል ከሚባሉት አንዱ ነው። ከ1966ቱ አሊ ጋር ግጥሚያው በማርሲያኖ ጥልቅ ቁስል ይቆማል ብዬ አስባለሁ። ቆዳው ይሰነጠቅ ነበር፤ በ1954 ከኤዛርድ ቻርልስ ጋር ሁለተኛው ግጥሚያ ላይ አፍንጫው ለሁለት ተከፍሎ ነው በስምንተኛው የዘረረው። የዛሬ ዳኛና ሐኪም እስከዚያ አይጠብቅም።

አሁን ወደ ጆ ሉዊስ ልሂድ፣ የእኔ ሰው እሱ ነው። 1.88 ሜትር፣ 90 ኪሎ፤ እንግሊዛዊው ታይሰን ፉሪ 2.06፣ ዋይልደርን በ2020 ባሸነፈበት ሌሊት 124 ኪሎ። ሠላሳ አራት ኪሎ ልዩነት። ሰዎች እዚህ ላይ ያቆማሉ። ግን ሉዊስ ትልልቅ ሰዎችን የማያውቅ ሰው አልነበረም። ካርኔራን (118 ኪሎ) በ1935 በስድስተኛው አስቆመው። አቤ ሳይመንን ሁለት ጊዜ፣ ቡዲ ቤርን ሁለት ጊዜ ረታ፤ ቤር በመጀመሪያው ግጥሚያ በገመዱ መሀል ወርውሮ አውጥቶት ነበር፣ በ1942 በድጋሚ ሲገናኙ አንድ ዙር አልሞላም።

የሉዊስ ልዩ ነገር የቡጢው አጭርነት ነው። እጁን ወደ ኋላ አይጎትትም። ጃብ፣ ቀኝ፣ ግራ ሁክ፤ ሦስቱም ካሉበት ይነሳሉ፣ እግሩም በአራት ጣት እርምጃ ነው የሚጠጋው። ፉሪ ደግሞ አገጩን ከፍ አድርጎ ወደ ኋላ የሚለጠጥ ሰው ነው፣ ቀኝ ታገኘዋለች፦ ዋይልደር በ2018 ሁለት ጊዜ፣ በ2021 በአራተኛው ዙር ብቻ ሁለት ጊዜ ጥሎታል። በ2013 ስቲቭ ከኒንግሃም በሁለተኛው ዙር በቀኝ ጀርባውን መሬት አስነካው፤ ከኒንግሃም ያኔ 95 ኪሎ ነበር፣ ከሉዊስ አምስት ኪሎ ብቻ ይበልጣል። ሉዊስ በአምስተኛው።

ማራኪ

ጋሼ፣ የከኒንግሃም ግጥሚያ የሚናገረው ለሁለቱም ነው። ጣለው፣ እውነት ነው። ከዚያ በኋላስ ምን ሆነ? ፉሪ መደነሱን ትቶ ተጠጋው፣ በተቃቀፉ ቁጥር ክብደቱን ትከሻው ላይ ጣለበት፣ በሰባተኛው ዙር በክንዱ ገፍቶ ገመዱ ላይ አቁሞ በአጭር ቀኝ ዘረረው። ሃያ ኪሎ ልዩነት ነበር። ሉዊስ ላይ ሠላሳ አራት ነው።

አንድ ሰው 124 ኪሎውን ከፊሉን ማጅራትህ ላይ ሲያሳርፍ ያንን የምትሸከመው በጭንና በወገብ ነው። አምስት ዙር ያን የተሸከመ ጭን ቡጢ ማንሳት ያቅተዋል፤ ሉዊስ ደግሞ ኃይሉ ሁሉ ከተተከለ እግር ነው። የፉሪን ሌላ ነገርም አይርሱ፤ በ2018 በ12ኛው ዙር የወደቀውን ሰው ያየ ሁሉ አልቋል ብሎ ነበር፣ በዘጠኝ ተነሳ።

ሉዊስ የሚያሸንፍበት መንገድ አለ፣ ጠባብ ነው። በአራት ዙር ውስጥ መጣል፣ ጥሎም በዚያው ዙር መጨረስ። ሽሜሊንግን በ1938 በ124 ሰከንድ የጨረሰው ሰው ይህን ይችላል። ካለፈ ግን ፉሪ በዘጠነኛው።

ብልኮ

ልጄ፣ የጭኑን ነገር አላሰብኩትም ነበር። ዘጠነኛውን አልቀበልም፣ ግን አምስተኛዬን ወደ ሦስተኛ አወርዳለሁ። ሦስት ዙር ውስጥ ካልሆነ አይሆንለትም።

ግራኝ ዘቀሃ

ለእኔ ከሁሉም የሚያጓጓው አሊ ከዩክሬናዊው ኡሲክ ነው፣ ምክንያቱም መጠን የሚባል ሰበብ የለም። ሁለቱም 1.91 ሜትር፣ ሁለቱም 198 ሪች። በሜይ 2024 ፉሪን ያሸነፈው ኡሲክ 101 ኪሎ ነበር፣ የ1966ቱ አሊ 96።

ልዩነቱ ኡሲክ ግራኝ መሆኑ ነው፤ አሊ ግራኝ ገጥሞት ያውቃል፦ ካርል ሚልደንበርገር፣ ፍራንክፈርት፣ ሴፕቴምበር 1966። ማለትም በዚያው የምንመርጠው ዓመት ላይ! አሊ ሦስት ጊዜ ጣለው፣ በ12ኛው አስቆመው፤ ግን በዚያ ዓመት ካደረጋቸው ሁሉ ምቾት ያጣበት ግጥሚያ እሱ ነው። ጀርመኑ ግራውን ወደ ሆዱ እየላከ ደጋግሞ አግኝቶታል።

ምን እንደሚፈጠር በእግር ላይ ነው የሚታየው። ቀኝና ግራኝ ሲጋጠሙ የሁለቱ የፊት እግሮች ጎን ለጎን ይመጣሉ። የፊት እግሩን ከሌላው ውጭ ያሳረፈ ሰው የኋላ እጁ መንገድ ቀጥ ይልለታል። አሊ ልማዱ ወደ ራሱ ግራ መዞር ነው፤ ግራኝ ላይ ይህ ለእግር ጥሩ ነው፣ ከኡሲክ ግራ እጅም ያርቀዋል። ግን የአሊ ጃብ የኡሲክን የፊት ጓንት ይጋጫል፣ ኡሲክም ያን ጓንት አየር ላይ እየቀዘፈ ጃብ ሲበላ የሚውል ሰው ነው። አሊ ጃቡ ካልሠራ ቀኙን ቀድሞ መጣል አለበት፣ ሚልደንበርገር ላይም የሠራለት እሱ ነው።

አሊ ሆድ አይመታም። ኡሲክ ላይ ይህ ትልቅ ጉድለት ነው፤ ዳንኤል ዱቧ በ2023 ቀበቶው አካባቢ ባሳረፈው ቡጢ (ዳኛው ከቀበቶ በታች ነው ብሏል) ኡሲክ ወድቆ እስኪያገግም ደቂቃዎች ወስዶበታል። ያን በር የሚያንኳኳ አሊ አይደለም። በ12 ዙር ኡሲክ በጠባብ ነጥብ። በ15 አሊ፣ ያውም በጠባብ።

ቸቸላ

ፎርማን 1973 ከሌኖክስ ሉዊስ 2000?

የአዘዞ ጃብ

ሌኖክስ። ፎርማን ፍሬዚየርን ኪንግስተን ላይ ስድስት ጊዜ የጣለው ፍሬዚየር ወደ እሱ ስለሚመጣ ነው። ሌኖክስ አይመጣም፤ 213 ሪች፣ 112 ኪሎ፣ በጃብ ያቆመዋል። ማኮልና ራህማን እያንዳንዳቸው በአንድ ቀኝ ስለዘረሩት ፎርማንም ሊያገኘው ይችላል፣ ግን ፎርማን በሰፊው ነው የሚወረውረው፣ እነዚያ ቀጥታ ነበሩ። በሰባተኛው፣ በአፐርካት።

ቸቸላ

እሺ፣ አንድ ጥያቄ ብቻ። እነዚህ ግጥሚያዎች በሙሉ እዚሁ ፋሲለደስ ስታዲየም ላይ ቢደረጉስ?

ማራኪ

ጥያቄው ቁም ነገር አለው። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር ያልፋል፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በአምስት አንድ እጅ ገደማ ያንሳል። ቡጢ አይቀንስም፣ አንድ ሰው አንድ ጊዜ ለመምታት ኦክስጅን አይጠብቅም። የሚጎዳው በዙሮች መካከል ያለው አንድ ደቂቃ ነው። ልብ ምቱ ሳይወርድ ደወሉ ይደወላል፣ በእያንዳንዱ ዙር ዕዳው ይደመራል።

ብዙ ጡንቻ ተሸክሞ በአጭር ፍንዳታ የሚሠራ ሰው ቀድሞ ይከፍላል። ፎርማን በሦስተኛው ዙር አፉን ይከፍታል። ፉሪ ትልቅ ነው፣ ግን በመደገፍ ስለሚያርፍ ከጠበቅነው በላይ ይቆያል። ታይሰን እስከ አራተኛው ያው ታይሰን ነው፣ በስድስተኛው ግን ሳሙና በር ያለው ይደርሳል። አሊም ቢሆን የሚኖረው በእግሩ ስለሆነ ነጻ አይወጣም፤ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ቀድሞ አዘዞ ገብቶ ጠዋት ጠዋት ካልሮጠ፣ በስምንተኛው ገመድ ላይ እናገኘዋለን። ከሁሉም የሚስማማው ለኡሲክ ነው፣ ኃይሉን በእኩል እየከፈለ የሚሠራ ስለሆነ።

ሳሙና በር

እንግዲያው ጎንደር ላይ ከሆነ የእኔ 13ኛ ወደ 10ኛ ይወርዳል። የአዘዞ ጃብ፣ አንተስ?

የአዘዞ ጃብ

የእኔን የሚለውጠው አየሩ አይደለም፣ ዳኛው ነው። አሊ ማጅራት የሚይዘው ሲፈቀድለት ነው። በ1974 ኪንሻሳ ላይ ዛክ ክሌይተን ፈቀደለት፣ ፎርማን ሌሊቱን ሙሉ አንገቱ ሲጎተት አደረ። በ1975 ማኒላ ላይ ካርሎስ ፓዲላ እጁን እየመታ አስለቀቀው፣ አሊም ያን ያህል ቡጢ የተቀበለው አንዱ በዚያ ምክንያት ነው። ክሌይተን ከሆነ እሺ፣ አሊ በነጥብ። ፓዲላ ከሆነ ግን ወረቀቴ ያው ነው፤ ታይሰን በአራተኛው።